መልስ፦ የድሮ የፋርስ ጸሐፊዎች ብሶታቸውን ለማን ያሰሙ ነበር?

ወንድሜ፣ “በመካከለኛው ዘመን የፋርስ ጽሑፍ እሮሮ የግጥም ድርሻ ብቻ ነበር ወይ?” ብለህ ጠይቀሃል። አልነበረም። ስድ ንባቡም በብሶት የተሞላ ነው።

አንዱ መልኩ አቤቱታ ነው። ፋርስን ይገዙ የነበሩት የሴልጁክ ቱርኮች ቪዚር (ዋና ሚኒስትር) ኒዛም አልሙልክ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለሱልጣኑ የምክር መጽሐፍ ጽፏል። ንጉሥ በሳምንት 2 ቀን ተቀምጦ የተበደለውን ሰው ያለ አማላጅ በጆሮው ይስማ ይላል። እዚያው ውስጥ ጆሮው የከበደ ንጉሥ ታሪክ አለ። ቃል አቀባዮቹ የአቤት ባዩን ነገር እንዳያጣምሙበት ሰጋ። ስለዚህ አቤት ባዩን በዓይኑ እንዲለየው ቀይ ልብስ የተበደለ ሰው ብቻ ይልበስ ብሎ አዘዘ። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ።

በዳዩ ራሱ ኃያል ሲሆንስ? ያኔ የሚወቀሰው ዘመንና ዕጣ ፈንታ ነው። ሰማይን መክሰስ ንጉሥን ከመክሰስ ይቀላላ!

ሞንጎሎች ከመጡ በኋላ ደግሞ ብሶቱ ይከብዳል። ሞንጎሎችን የተዋጋው የኽዋሬዝም ገዥ የሱልጣን ጀላል አድዲን ጸሐፊ የነበረው ነሰዊ፣ ጌታው እ.ኤ.አ. በ1231 ከሞተ በኋላ ስለ ስደቱና ስለ መከራው ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈ። ቋንቋው እጅግ ያጌጠ ስለሆነ ለጀማሪ ይከብዳል።

አንተ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ፋርሳዊ ታሪክ ጸሐፊ ከጁወይኒ ብትጀምር ይሻላል። ሞንጎሎችን እያገለገለ እንኳ የኾራሳን (የሰሜን ምሥራቅ ፋርስ አገር) ሊቃውንት ማለቃቸውን በምሬት ጽፏል። ሞንጎሎች ካጠፏት ከመካከለኛው እስያ ከተማ ከቡኻራ ያመለጠ ሰው ስለ ከተማዋ ሲጠየቅ የመለሰውንም መዝግቧል፦ መጡ፣ ናዱ፣ አቃጠሉ፣ ገደሉ፣ ዘረፉ፣ ሄዱ።