ባጃጅ ለምታሽከረክሩ ልጆቼ፦ የኋላ ጎማን በገዛ እጅ ስለ መቀየርና ሚዛኑን ስለ ማስተካከል

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሳቢያን እስከ ለገሀሬ፣ ከከዚራ እስከ መጋላ ሰው እያመላለሳችሁ ቤተሰብ ለምታስተዳድሩ የድሬዳዋ ወጣቶች ነው። በድሬ ልማድ «አንተ» እያላችሁ የምትጠሩኝ፣ ጎማችሁ ሲያስቸግራችሁ ደጃፌ ላይ ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር የምታቆሙ ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። የማታውቁኝም ብትሆኑ፣ አብዛኛውን ዕድሜዬን በባቡር ጥገና ሥራ ያሳለፍኩ፣ ከጡረታ በኋላ ደግሞ የባጃጅ ጎማ መፍታትና መግጠም የለመድኩ ሰው መሆኔን ካወቃችሁ ይበቃል።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ግንቦት ወደ እኔ የመጣ አንድ ልጅ ነው። ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው አስፋልት ላይ ፍጥነቱ ከፍ ሲል ባጃጁ ከኋላ በኩል እንደሚንቀጠቀጥ ነገረኝ። ጎማው ከተቀየረ አንድ ሳምንት አልሞላውም። «ባላንስ (የጎማው ሚዛን) ነው» ያለው ሰው ነበር፤ «ኩሽኔታ (ጎማው እንዲዞር የሚያስችለው ቀለበት) ነው» ያለውም ነበር፤ ልጁም የሁለቱንም ሰምቶ ለኩሽኔታው ገንዘብ ከፍሎ አስቀይሯል፤ መንቀጥቀጡ ግን እንዳለ ነው። ጎማውን በክሪክ አንስተን በእጅ እያዞርን ከጎን ስንመለከተው፣ በጎማው ጉንጭ ላይ ዙሪያውን የምትሄደው ቀጭን መስመር በአንድ በኩል ከቸርኬው፣ ማለትም ጎማው ከሚገጠምበት ብረት፣ ጠርዝ ላይ በደንብ ትታያለች፤ በሌላው በኩል ግን ወደ ውስጥ ሰጥማ ጠፍታለች። ጎማው ቸርኬው ላይ እኩል አልተቀመጠም ነበር። ንፋሱን አውጥተን፣ ጠርዙን በሳሙና ውኃ አርሰን እንደገና ስንነፋው መስመሯ ዙሪያውን እኩል ወጣች፤ ልጁም ያለ አንዲት ግራም የሚዛን ማስተካከያ ክብደት ሄደ። ይህን ሥራ በራሱ እጅ አንድ ጊዜ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ፣ የት እንደሚመለከት ያውቅ ነበርና ገንዘቡ በከንቱ ባልወጣ ነበር። ጎሚስታ እንዳትሄዱ አይደለም የምመክራችሁ፤ ሰው የምትጭኑበትን ጎማ ቢያንስ አንድ ጊዜ በገዛ እጃችሁ ፈትታችሁ እንድትገጥሙት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራችሁ ግን በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። ባጃጅ በከተማችን መብዛት ሲጀምር እኔ ትልልቅ የባቡር ጎማ ያገላበጥኩ ሰው ስለ ነበርኩ፣ ይህችን ትንሽ ጎማ ንቄያት ነበር። የባጃጅ ቸርኬ አንድ ወጥ አይደለም፤ ሁለት ግማሾች በብሎንና በዳዶ ተጋጥመው የሚሠሩት ነው። ስለዚህ በጎማው ላይ ሁለት ዓይነት ዳዶ ታያላችሁ፦ አንደኛው ቸርኬውን ከፍሬኑ ታምቡር ጋር የሚያስረው፣ ሁለተኛው ሁለቱን የቸርኬ ግማሾች እርስ በርስ የሚያስረው ነው። እኔ በዚያን ቀን ይህን ሳላስተውል፣ ጎማው ንፋስ እንደ ሞላ፣ የግማሾቹን ዳዶ መፍታት ጀመርኩ። ሁለተኛውን ዳዶ እንዳላላሁ በሁለቱ ብረቶች መካከል የጥፍር ስፋት ያህል ክፍተት ብቅ ስትል አየሁ። እጄን አንሥቼ ወደ ኋላ አልኩና ለረጅም ጊዜ ምንም ሳልነካ ቆሜ ቀረሁ። በውስጡ ያለው የታመቀ አየር ግማሾቹን ቢለያያቸው ኖሮ ብረቱ የሚመጣው ወደ ፊቴ ነበር። ስለዚህ ልጆቼ፣ ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ፣ በቫልቩ ውስጥ ያለችው ትንሿ መርፌም ተፈትታ ሳትወጣ፣ ግማሾቹን የሚያስረውን ዳዶ አትንኩ። «ጎማው ተንፍሷል» ማለትም አይበቃም፤ በእጃችሁ ጨብጣችሁት ሙሉ በሙሉ መላላቱን አረጋግጡ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ባጃጁን ደልደል ያለ ጠንካራ ቦታ ላይ አቁሙ፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ክሪክ ማቆም ክሪኩን መቅበር ነው። ተሳፋሪ ካለ ይውረድ። የእጅ ፍሬኑን ያዙ፤ የፊት ጎማውንም በፊትና በኋላ በድንጋይ አስደግፉ። ብዙዎቻችሁ ማርሽ ውስጥ ከትታችሁ የተያዘ ይመስላችኋል፤ ነገር ግን የኋላዎቹን ሁለት ጎማዎች የሚያገናኘው ዲፈረንሻል ነውና፣ አንዱ ጎማ አየር ላይ ከተነሣ እርሱ ወደ አንድ በኩል እየዞረ መሬት ላይ ያለው ወደ ሌላ በኩል ሊንከባለል ይችላል። ቸርኬውን ከታምቡሩ ጋር የሚያስሩትን ዳዶዎች ጎማው ገና መሬት ላይ እያለ በትንሹ አላሏቸው፤ ከተነሣ በኋላ በጉልበት መታገል ባጃጁን ከክሪኩ ላይ ይጥለዋል። ክሪኩ የሚገባው ከጎማው አጠገብ ካለው ጠንካራው የሻንሲ ክፍል ሥር ነው፤ ላሜራውን ከደገፋችሁት ታጎብጡታላችሁ።

ጎማው ከወጣና ንፋሱ ካለቀ በኋላ፣ የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ጋር በዝገት ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። መዶሻ አታንሡ። ጎማውን መሬት ላይ አስተኝታችሁ፣ ከቸርኬው አጠገብ በተረከዛችሁ ዙሪያውን እየዞራችሁ ብትጫኑት ይለቃል። ከዚያ የግማሾቹን ዳዶዎች ፈትታችሁ ቸርኬውን ስትከፍሉት ጎማውም፣ በውስጡ ንፋስ የሚይዘው ከመነዳሪም ያለ ምንም ትግል ይወጣሉ። የመኪና ጎማ በብረት እየፈለቀቁ ከሚያወጡበት መከራ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

አዲሱን ጎማ ስትገዙ በጉንጩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 4.00-8 የሚለው፣ የጎማው ስፋት 4 ኢንች፣ የቸርኬው ዲያሜትር ደግሞ 8 ኢንች ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆኑን ይናገራል። በትንሽ ሳጥን ውስጥ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበት ጊዜ ናቸው፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። በድሬ ፀሐይ ደጅ ተሰቅሎ ዓመታት ያሳለፈ «አዲስ» ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎማነቱ ደርቋል፤ ጉንጩን በአውራ ጣት አጥፋችሁ ስትመለከቱት ቀጫጭን ስንጥቆች ካያችሁበት መልሱት።

ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አብራችሁ እንድትቀይሩም አጥብቄ እመክራችኋለሁ፤ ይህን የተማርኩት ከባቡር ነው። ባቡር ድሬዳዋ ከደረሰበት ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋን ያቋቋማት ያ ሐዲድ ያስተማረን ነገር ቢኖር፣ በአንድ አክስል ላይ ያሉ ሁለት ጎማዎች እኩል መሆን እንዳለባቸው ነው፤ አንዱ ካነሰ ሁለቱም አብረው ቶርኖ (የብረት መላጊያ ማሽን) ላይ ወጥተው በአንድ ልክ ይላጉ ነበር። በባጃጅ ላይ ዲፈረንሻሉ ልዩነቱን ስለሚችለው ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ሆኖም የአዲሱ ጎማ ዲያሜትር 41 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነውና፣ ጓደኛው ጥርሱ 6 ሚሊ ሜትር ያለቀበት ከሆነ በየኪሎ ሜትሩ ከአዲሱ ከሃያ ዙር በላይ ይበልጣል። በቀጥተኛ መንገድ ላይ እንኳ ዲፈረንሻሉ ሳያርፍ ይሠራል። ገንዘቡ ለሁለት ካልበቃ፣ አዲሱን ከስኮርታው፣ ማለትም ከተጠባባቂው ጎማ፣ ጋር አመሳክሩና በጥርስ የሚቀራረቡትን ሁለቱን ከኋላ፣ የቀረውን ስኮርታ አድርጉ።

ከመግጠማችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ጥረጉ፤ በባዶ እጅ ግን አትዳስሱ። ከከተማ ወጣ ብሎ የሚሠራ ባጃጅ የግራር እሾህ ይወጋዋል፤ ውጭ የምትታየው ተነቅላ ጫፏ ውስጥ የቀረች እሾህ አዲሱን ከመነዳሪ በዚያው ቀን ትበሳዋለች። ጨርቁ የያዘበት ቦታ ላይ እሾሁን በፒንሳ ከውስጥ በኩል ሳቡ። የቸርኬውን ዝገት በብረት ብሩሽ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፤ በተለይ ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙበትን ፊት።

ከመነዳሪውን ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ብቻ በትንሹ ንፉት፤ የሕፃን ፓውደር አቧሩበትና ጎማው ውስጥ አስገቡት። አንድ ጊዜ ይህን ቸል ብዬ፣ ባዶውን ከመነዳሪ አስገብቼ ቸርኬውን አሰርኩት፤ ጠርዙ በሁለቱ ብረቶች መካከል ተነክሶ ኖሮ፣ ባለቤቱ በማግስቱ አንዲት እናት ከነልጇ ጭኖ ሳለ በመንገድ መካከል ተነፈሰበት። ሴትየዋ ልጇን አዝላ በፀሐይ በእግሯ እንደ ሄደች ሲነግረኝ ያፈርኩትን አልረሳውም። ስለዚህ ግማሾቹን ካጋጠማችሁ በኋላ፣ ከማጥበቃችሁ በፊት በመካከላቸው ዙሪያውን ተመልከቱ፤ ጥቁር ነገር ከታየ ክፈቱት። ቫልቩ ቀጥ ብሎ መውጣቱንም እዩ፤ ያዘመመ ቫልቭ ከሥሩ ይቆረጣል።

በአንዳንድ አዲስ ጎማ ላይ ትንሽ ቢጫ ነጥብ አለች፤ የጎማውን ቀላል ቦታ የምታመለክት ናትና ከቫልቩ ጋር አገናኟት፤ ቫልቩ ራሱ ክብደት ስላለው ሚዛኑ ግማሹ በዚያው ይሠራላችኋል። ዳዶዎቹን ትይዩ ትይዩውን እያፈራረቃችሁ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ፤ አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቃችሁ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ። ንፋስ ስትሞሉ ፊታችሁን ከጎማው ትይዩ አታድርጉ፤ ጥቂት ነፍታችሁ አቁሙና ያቺ የጉንጩ መስመር ዙሪያውን እኩል መሆኗን አይታችሁ ቀጥሉ። ልኩ አምራቹ ለኋላ ጎማ የጻፈው ነው፤ የሚለካውም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ እንደ ምጣድ በሞቀበት ሰዓት የለካችሁት ከፍ ብሎ ይታያችኋልና፣ ያን አይታችሁ ንፋስ ብትቀንሱ በማግስቱ ጠዋት ጎማው ጎድሎ ይነሣል።

ሚዛኑን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ለባጃጅ አያስፈልግም ይላል፤ በመጋላ ጠባብ መንገድ ለሚሠራስ ልዩነቱ አይሰማ ይሆናል። ቁጥሩን ግን ተመልከቱ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ይህ ትንሽ ጎማ በሰከንድ ከስምንት ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በቸርኬው ጠርዝ ላይ የ20 ግራም ልዩነት ቢኖር፣ በዚያ ፍጥነት ከግማሽ ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ በሚስብበት ጉልበት ወደ ውጭ ይስባል፤ በእያንዳንዱ ዙርም ኩሽኔታውን ይመታል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። መንቀጥቀጡ በከተማ ጠፍቶ ወደ ውጭ ስትወጡ የሚመጣው ስለዚህ ነው።

የኋላ ጎማ በቦታው ላይ ሳለ ሚዛኑ አይለካም፤ ከዲፈረንሻሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንደ ልቡ አይዞርም። እኔ የምሠራበት ዕቃ ይህ ነው፦ ከዋንዛ እንጨት በቶርኖ የተቀረጹ ሁለት ሾጣጣዎች፣ መካከላቸውን የሚያልፍ ቀጥ ያለ ለስላሳ የብረት ዘንግ፣ ዘንጉም የሚያርፍባቸው ሁለት አሮጌ ኩሽኔታዎች። ኩሽኔታዎቹን በቤንዚን አጥቤ ግራሶውን አውጥቼላቸዋለሁ፤ ግራሶ ካለ ጎማው ከባድ ቦታው ሳይደርስ ይቆማል። ሾጣጣዎቹ የቸርኬውን ቀዳዳ ከሁለት በኩል ይዘው መካከሉን ይጠብቃሉ። ጎማው ተንጠልጥሎ በቀስታ ሲለቀቅ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዝና ይቆማል፤ ከታች የቆመውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሩብ ዙር አዙራችሁ እንደገና ልቀቁት። ሦስት ጊዜ ያው ቦታ ወደ ታች ከወረደ ከባዱ እርሱ ነው። ትይዩው ላይ ትናንሽ ሮንዴላዎች (ከዳዶ ሥር የሚገቡ ቀዳዳ ያላቸው የብረት ቀለበቶች) በፕላስተር እየለጠፋችሁ፣ የትም ብትለቁት እዚያው የሚቆምበትን መጠን ፈልጉ። ከዚያ ሮንዴላዎቹን ቅመም ነጋዴ ሚዛን ላይ አስመዝኑና በዚያው ልክ የሚለጠፍ የእርሳስ ክብደት ግዙ። ብረቱ በቤንዚን ካልጸዳ አይይዝም። ከ60 ግራም በላይ የሚጠይቅ ጎማ ካጋጠማችሁ እርሳስ አትደርድሩ፤ ንፋሱን አውጥታችሁ ጎማውን በቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር አዙሩትና እንደገና ለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሃያና ሠላሳ ይወርዳል።

ስትመልሱት ዳዶዎቹን በእጅ አስጀምሩ፤ በመፍቻ የተጀመረ ዳዶ ጥርስ ይበላል። ከክሪኩ ሳታወርዱ በፊት ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አይታችሁ የእጅ ፍሬኑን ለቅቃችሁ ጎማውን በእጅ አንድ ዙር አዙሩ፤ የለጠፋችሁት እርሳስ ታምቡሩን የሚነካ ከሆነ ድምፁን ትሰማላችሁ። ድንጋዮቹ ግን ከፊት ጎማው አይነሡ። ካወረዳችሁት በኋላ ትይዩ ትይዩውን አጥብቁ። ማታ ወደ ቤት ስትገቡ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሠርቶ ይሆናልና፣ መፍቻውን ይዛችሁ በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ አንድ ጊዜ እለፉ፤ ቢያንስ አንዱ ሩብ ዙር ሲገባላችሁ ታገኙታላችሁ።