ዲገሉን የጣለው ዋግ

ጥያቄ፦ «በ2006 ዓ.ም. የዘራሁትን ዲገሉ ስንዴ ዋግ ጨረሰብኝ። ሲሰጠን ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ነበር። ዘሩ ተበላሽቶ ነው? ባለሙያዎችስ በየዓመቱ የታመመ አገዳ በኤንቨሎፕ እየወሰዱ ምን ያደርጉበታል?» የስንዴ አምራች፣ ከአርሲ

መልስ፦ ዘርዎ አልተበላሸም፤ የተለወጠው ዋጉ፣ ማለትም በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ነው። ዲገሉ በስፋት የተዘራው ቢጫ ዋግ በ2003 ዓ.ም. ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ከመታው በኋላ ሲሆን፣ ከሌላው የዋግ በሽታ፣ ከአገዳ ዋግ፣ ይጠብቀው የነበረው በዋነኛነት ኤስአር-ቲኤምፒ የተባለ አንድ ዘረ-መል ነበር። ይህ ዘረ-መል በኡጋንዳ የተገኘውንና ብዙ አገር ያስደነገጠውን ዩጂ 99 የተባለ የአገዳ ዋግ ዓይነት ይመክታል፤ ቲኬቲቲኤፍ (TKTTF) የተባለው ሌላው ዓይነት ግን አለፈው። በአርሲና በባሌ ሰፊ መሬት በአንድ ዝርያ ተሸፍኖ ስለነበር ጉዳቱ የከፋ ሆነ፤ እህል ያልተገኘባቸው ማሳዎችም ነበሩ።

አሁን ወደ ኤንቨሎፑ እንምጣ። አምቦ በሚገኘው የምርምር ማዕከል ከናሙናው ላይ የተነሣው የዋጉ ብናኝ በስንዴ ችግኝ ላይ እንዲባዛ ይደረጋል፤ ከዚያም ከአንድ ቁስል ብቻ የተገኘው ተለይቶ፣ የሚታወቁ የመከላከያ ዘረ-መሎችን በያዙ 20 የስንዴ መስመሮች (ለመፈተኛ የተለዩ የስንዴ ዓይነቶች) ላይ ይረጫል። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ በቅጠሉ ላይ የሚታየው ምልክት ከ0 እስከ 4 ይመዘናል፤ 3 እና 4 ከሆነ ዋጉ ያንን መከላከያ አሸንፏል ማለት ነው። መስመሮቹ አራት አራት ሆነው በ5 ምድብ ስለሚከፈሉና ለየምድቡ አንድ ፊደል ስለሚሰጥ፣ የዋጉ ስም ባለ አምስት ፊደል ይሆናል።

ይህ ፈተና ዋጉ የትኛውን ስንዴ እንደሚያጠቃ ያሳያል እንጂ ትውልዱን አይናገርም። ትውልዱ የሚታወቀው ዘረ-መሉ ሲነበብ ነው፤ ዲገሉን የጣለው ዋግ ከዩጂ 99 ያልተወለደ፣ የሌላ ሐረግ መሆኑ የተረጋገጠውም በዚሁ መንገድ ነው። ሁለቱ ምርመራዎች መነጣጠል የለባቸውም ብዬ አምናለሁ፤ አዲሱ ጠላት በነፋስ ከሩቅ የመጣ ይሁን ወይም እዚሁ ከነባሩ በለውጥ የተገኘ፣ በፊደል ስሙ ብቻ መለየት አይቻልም። አዳቃዮችም በአንድ ዘረ-መል ላይ ከመመካት ይልቅ በርካታዎችን በአንድ ዝርያ ለመደራረብ የትኞቹ ገና እንደሚሠሩ ማወቅ አለባቸው።

እርስዎም ማገዝ ይችላሉ። ይቋቋማል በተባለ ዝርያ ላይ ዋግ ካዩ፣ ፀረ-ፈንገስ ከመረጨቱ አስቀድሞ የታመመውን አገዳ ቆርጠው በወረቀት ኤንቨሎፕ ያስቀምጡ፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ናሙናውን ያሻግተዋል። የዝርያውን ስም፣ ቀበሌዎንና ቀኑን ጽፈው ሳይውል ሳያድር ለልማት ጣቢያ ሠራተኛዎ ይስጡ።