«ሻይ አፈላሁ» እና «ቅጠሉን አፈላሁት»

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከኢራናውያን ጎረቤቶቼ የተማርኩትን፣ ሄልና ጽጌረዳ የሚገባበትን ሻይ በቤቴ አዘጋጃለሁ። አሠራሩን ለእህቴ በአማርኛ ስጽፍላት «ቅጠሉን አፍዪው» ልበል ወይስ «ዘፍዝፊው» የሚለው አስቸገረኝ፤ ጎረቤቶቼ ቅጠሉ ፈጽሞ መፍላት የለበትም ይላሉና። «የጽጌረዳ አበባ» ማለትስ ድግግሞሽ አይሆንም?

መልስ፦ «ሻይ አፈላሁ» ስንል ሻይ የሥራው ውጤት ነው እንጂ ሥራው የሚፈጸምበት ነገር አይደለም። «እንጀራ ጋገረች» በምንልበት ጊዜም ምጣዱ ላይ የሚፈሰው ሊጥ ሲሆን፣ እንጀራ የምንለው ተጋግሮ የወጣውን ነው፤ «ጠላ ጠመቀች» የሚለውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ እሳት ላይ የሚፈላው ውሃው ብቻ ቢሆንም «የፋርስ ሻይ አፈላሁ» ማለት ነቀፋ የለበትም። «ቅጠሉን አፈላሁት» ሲባል ግን «ን» የገባበት ቅጠል ራሱ የሚንተከተከው ነገር ይሆናል፤ እህትዎ እንደተጻፈላት ብታደርግ ሻዩ ይመርራል፣ የጽጌረዳው መዓዛም ከእንፋሎቱ ጋር ይጠፋል።

«መዘፍዘፍ»ን ለዚህ አልመርጠውም። የሚዘፈዘፈው ልብስ ወይም ውሃ ውስጥ የሚያድር ጥራጥሬ ነው፤ ቃሉ ቀዝቃዛ ውሃንና ረጅም ጊዜን ያሳስባል። ፋርስኛ ለዚህ ሥራ «ደም ከርደን» የሚል ግስ አለው፤ የመጀመሪያው ቃል ትንፋሽ ማለት ሲሆን፣ ሩዝ ተከድኖ በገዛ እንፋሎቱ ሲበስልም የሚነገረው በዚሁ ግስ ነው። ቃሉን እንዳንዋሰው በፊደላችን ሲጻፍ ከአማርኛው «ደም» ጋር ይጋጫል፤ ሐሳቡን ግን «ከድኖ ማፈን» በሚለው መግለጥ እንችላለን። «ማፈን» ብቻውን ሲቆም ክፉ ትርጉም እንዳለው አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ከክዳንና ከእንፋሎት ጋር ሲነገር ወጥ ቤት የሚያውቅ ሰው አይሳሳተውም፣ ትንፋሽን መያዝ የሚለው ፍቺውም ከፋርስኛው ሐሳብ አይርቅም። እኔ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፦

«በሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሻይ ቅጠል፣ የተሰነጠቁ 3 ወይም 4 የሄል ፍሬዎች፣ ትንሽ የቀረፋ ስባሪና አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ የጽጌረዳ አበባ ቅጠል ጨምሪ፤ የፈላ ውሃ አፍስሺበትና ከድነሽ ውሃ በሚፈላበት ሌላ ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ አስቀምጪው፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይታፈን። ከዚያ ወፍራሙን ሻይ ለየብርጭቆው ጥቂት ጥቂት ቅጂና በፈላ ውሃ አቅጥኚው።»

«ማቅጠን» እዚህ ላይ ትክክለኛው ቃል ነው፤ ኢራናውያን ሻያቸውን በብርጭቆ የሚጠጡት ቀለሙን እያዩ ለየሰዉ ፍላጎት ሊያቀጥኑት ስለሚመቻቸው ጭምር ነው። «ሄል» ደግሞ በፋርስኛም ሄል ነው፤ «ኮረሪማ» ብለው እንዳይተኩት አደራ እላለሁ፤ ሁለቱ የዝንጅብል ቤተሰብ ቢሆኑም የተለያዩ ተክሎች ናቸው፣ የኮረሪማው ጣዕምም ጽጌረዳውን ይጫነዋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ «ጽጌ» በግእዝ አበባ ማለት ስለሆነ «የጽጌረዳ አበባ» ድግግሞሽ መምሰሉ እውነት ነው። በአማርኛ ግን «ጽጌረዳ» እሾሁንና አረንጓዴ ቅጠሉን ጨምሮ የተክሉ ስም ሆኗል። ሻይ ውስጥ የሚገባው የአበባው ሽፋን ነው፤ አማርኛ ይህንንም፣ አረንጓዴውንም «ቅጠል» ስለሚለው፣ «የጽጌረዳ ቅጠል» ብቻ ብለው ቢጽፉ እህትዎ የትኛውን እንደምትቀጥፍ አታውቅም። ስለዚህ «የጽጌረዳ አበባ ቅጠል» ብለው ሦስቱንም ቃላት ይጻፉ። «ቀጋ» የሚለውም አይሆንም፤ ቀጋ በአገራችን ደጋ የሚበቅለው የዱር ጽጌረዳ ሲሆን፣ በኢራን በካሻን ከተማ አካባቢ የሚለማውና የጽጌረዳ ውሃ የሚወጣለት ሌላ ዝርያ ነው።