አንቴናውን ከመቁረጥህ በፊት ኬብሉን ለካ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። በእንጨትና በጨርቅ የምትሠራው አውሮፕላን ሬዲዮው ጥሩ ይቀበላል፣ ስትናገር ግን የሚሰማህ የለም። አንቴናውን ስንት ላይ ልቁረጠው ነው ያልከው። እኔና ጓደኛዬ እዚሁ ጅማ ያለፍንበት ነው። መጋዙን ለጊዜው አስቀምጠው።

1. መጀመሪያ ኬብሉ። አንቴናውን ንቀልና የኬብሉ ጫፍ ላይ የ50 ኦም ሬዚስተር አስር። በሬዲዮው በኩል መለኪያ ሰክተህ ኤስ ደብሊው አሩን (ምን ያህል ኃይል ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያሳየውን ቁጥር፣ 1 ከሆነ ምንም አይመለስም) እይ። ለ1 ካልቀረበ ችግሩ ከኬብሉ ወይም ከኮኔክተሩ ነው። ቀጥሎ ሬዚስተሩን አንሳና ጫፉን ክፍት ተወው። አሁን ቁጥሩ በጣም መውጣት አለበት። ዝቅ ካለ ደስ እንዳይልህ፤ ኬብሉ ኃይሉን መንገድ ላይ እየበላው ነው።

ይህን የምልህ ስለተቃጠልኩ ነው። አንድ ሱቅ "ኦሪጅናል የሬዲዮ ኬብል" ብሎ፣ በሬዲዮ ኬብል ዋጋ ሸጠልን። ኮኔክተር ልንበይድ ስንልጠው ከላስቲኩ ሥር ያለው የሽቦ መረብ ሳስቷል፣ ከሥሩ የብር ወረቀት አለ። ካውያ ብናስጠጋው ሊዱ አልይዝ አለ፤ ለካ መረቡ አልሙኒየም ነው። ያው የዲሽ ኬብል! የዲሽ 75 ኦም ነው፣ የአውሮፕላን ሬዲዮ የሚፈልገው 50 ነው። ልንመልስ ስንሄድ "ተልጧል፣ አንቀበልም" አለን። ደረሰኝም አልሰጠንም ነበር።

2. የጅማ አናጢ እጁ የተባረከ ነው። የአውሮፕላናችንን አካል የሠራልን በርጩማ ሲጠርብ ያደገ ሰው ነው። ለሬዲዮ ግን እንጨት እንደሌለ ይቆጠራል፤ አንቴናው ደግሞ ከሥሩ ብረት ይፈልጋል። ከአንቴናው ሥር አራት የመዳብ ሰቆች በአራት አቅጣጫ ዘርጋ፣ እያንዳንዳቸው 58 ሴንቲሜትር ገደማ። ከኮኔክተሩ የውጭ ብረት ጋር አገናኛቸው።

3. ርዝመቱ። የአውሮፕላን ሬዲዮ ባንድ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ነው። መሃሉን 127 ያዝ። የሞገዱ ርዝመት ሩብ፣ ማለትም የአንቴናው ቁመት፣ 59 ሴንቲሜትር ነው፣ ሲቃኝ ግን 56 አካባቢ ይወርዳል። ከ60 ጀምረህ በትንሽ በትንሹ ቀንስ። ኤስ ደብሊው አሩ ከ2 በታች ከሆነ ይበቃሃል። 3 ከሆነ የኃይልህ ሩብ ተመልሶ ይመጣል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ አትለካ፣ ሜዳ ላይ አውጣው።

4. መለኪያው ናኖ ቪኤንኤ የሚባለው ትንሹ የአንቴና መለኪያ ይሁን። የሚያወጣው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ማንንም አይረብሽም። በሬዲዮው ለመናገር ግን ፈቃድ ያዝ፤ 121.5 የአደጋ ጊዜ ስለሆነ ለሙከራ እንዳትነካው። የኛ መለኪያ ከውጭ ሲመጣ ለደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ አንከራተቱን። አንዱ ኃላፊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን "መጀመሪያ ብስክሌት ሥሩ" አለን። እስካሁን ያንገበግበኛል። የኛ አንቴና ኤስ ደብሊው አር ዛሬ ከባንዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ከ1.7 አይዘልም! በእጃችን የሠራነው።

ጅማ እስካለህ ድረስ መለኪያ አትግዛ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ የኛን አውስሃለሁ። ስትመጣ የኬብልህን ቁራጭ ያዝ፣ አብረን እንልጠዋለን።