«መሃል ሰፋሪ ሆኜ እንዳልቀር»

እህቴ፣ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቀሽ ሁለት በር ተከፍቶልሻል። አንዱ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ቋሚ ቅጥር። ሌላው ዩኒቨርሲቲ፣ የምርምር ማዕከልና የክልሉ ግብርና ቢሮ በጋራ በያዙት የስንዴ ፕሮጀክት የሦስት ዓመት ረዳት አስተባባሪነት። ቤተሰብሽ ቋሚውን ያዢ ይላል። አንቺ ደግሞ «የማንም ሳልሆን መሃል ሰፋሪ ሆኜ እንዳልቀር» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

ፍርሃትሽ ከሜዳ አልተነሳም። ግን የአገራችን ግብርና የሚጎድለው እዚያው መሃል ላይ ነው። ድሮ የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን እገዛ ሲጀመር ትምህርቱም፣ ምርምሩም፣ ኤክስቴንሽኑም (የምርምርን ውጤት ለገበሬው የማድረሱ ሥራ) ባንድ ጣራ ሥር ነበሩ። ኋላ ኤክስቴንሽኑ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ለብሔራዊው ምርምር ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ዛሬ ሁሉም የራሱ አለቃ፣ የራሱ ዕቅድ፣ የራሱ ሪፖርት አለው። ትብብር ሲባል ብዙ ጊዜ ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤና አበል ነው።

ችግሩ የሚታየው ሐምሌ ላይ ነው። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ዝናቡ ግን አይጠብቅም። የቢሮው ገንዘብ ገና አልተለቀቀም፣ የዩኒቨርሲቲው መኪና ነዳጅ የለውም፣ ዘሩ ማዕከሉ መጋዘን ተቆልፎበታል፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ የገበሬውን ማሳ አሳርሳ ስልክ በስልክ ሆናለች። ያኔ ያንዱን መኪና ከሌላው ዘር ጋር አገናኝቶ ማሳው ላይ የሚያደርስ ሰው ከሌለ፣ ሙከራው ለከርሞ ነው። (እኔም እንጀራዬን የበላሁት እዚሁ መሃል ነው፤ ማዳላቴን እያወቅሽ አንብቢ።)

ሲሳካ ምን እንደሚመስል ደግሞ የስንዴ ዋግን፣ በነፋስ የሚዛመተውን የፈንገስ በሽታ፣ ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳን ያህል የተስፋፋ የስንዴ ዝርያ ክፉኛ መታው። ከዚያ በኋላ በተዘረጋው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ተመራማሪዎችና የልማት ሠራተኞች ከማሳ መረጃ ይልካሉ፣ አምቦ ባለው የምርምር ማዕከል የበሽታው ዓይነት ይለያል፣ የእንግሊዝ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤትና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ያሰላሉ። አንዱ ዝም ካለ ማስጠንቀቂያው ገበሬው ጋ አይደርስም።

ግን ዓይንሽን ጨፍነሽ እንዳትፈርሚ። ደሞዝሽን የሚከፍለው ከሦስቱ የትኛው ነው? የመግባቢያ ሰነዱ ተፈርሟል ወይስ «በሂደት ላይ» ነው? ከማሳ የምትሰበስቢው መረጃ ሲታተም ስምሽ ይገባል? እዚህ ላይ ከተንተባተቡ፣ ያለ ጸጸት ወረዳውን ያዢ።

ቤተሰብሽን በተመለከተ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ወር ሳይሞላ የሚያልቅ ደሞዝ ቋሚ ስለሆነ ብቻ ዋስትና አይሆንም። የታናናሾችሽ ወጪ አንቺ ላይ ከሆነ በግልጽ ተነጋገሩበት፤ ፕሮጀክቱ ይበልጥ ይከፍላል ብለሻልና ልዩነቱን ከመጀመሪያው ወር አስቀምጪ። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ ያስፈልግሻል።

ማስተርሱ ይቆይ፣ ርዕስሽ ከዚሁ ሥራ ይወጣል። አፋን ኦሮሞ አልችልም ላልሽው ዛሬውኑ ጀምሪ፣ ማሳ ላይ ያለ እሱ አይሆንልሽም።

መልስ የሚፈልጉት እስከ ዓርብ ነው ብለሻል። ነገ ጠዋት ደውይና የመግባቢያ ሰነዱን ቅጂ ጠይቂያቸው።