ግንባሬን የሞላው ብጉር ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ የ21 ዓመት ተማሪ ነኝ። ከፀጉሬ ሥር ጀምሮ ግንባሬን ትናንሽ ብጉር ሞልቶታል፤ ዓመት ሊሆነው ነው። ጉንጬ ግን ደህና ነው። በቀን አራቴ በሳሙና እታጠባለሁ። ሎሚም ሞክሬያለሁ፣ አቃጠለኝ እንጂ አልፈየደኝም። በየሁለት ሳምንቱ ቅቤ እቀባለሁ፣ በመሃል ደግሞ የፀጉር ቅባት አለ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ብጉሩ የወጣበት ቦታ ግማሹን መልስ ይናገራል። ጉንጭ ንጹሕ ሆኖ የፀጉር ጠርዝና ግንባር ላይ ብቻ ሲደረደር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከራስ የሚወርድ ቅባት ነው። ቅቤ ተቀብተሽ ሻሽ አስረሽ ስትተኚ ቅቤው በሰውነትሽ ሙቀት ይቀልጣል፣ ወደ ግንባር ይወርዳል፤ ሻሹም የጠጣውን ሌሊቱን ሙሉ መልሶ ያሽሻል። ቅባቱ ቆዳ ከሚያራግፈው ቅርፊት ጋር ተጣብቆ የወዝ መውጫ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። በእጅ ሲዳሰስ እንደ አሸዋ የሚሻክረው እሱ ነው። የታፈነው ወዝ ውስጥ ባክቴሪያ ሲራባ ደግሞ ይቀላል፣ መግል ይቋጥራል።

ቅቤ ተዪ አንልሽም፤ ብንልሽም እናትሽ አይሰሙንም። ግን ከፀጉርሽ ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ራቅ አድርገሽ ተቀቢ፤ ከማታ ይልቅ ቀን ላይ ለጥቂት ሰዓት አቆይተሽ ታጠቢው። ፀጉርሽን መጀመሪያ፣ ፊትሽን መጨረሻ ታጠቢ፤ አለበለዚያ የፀጉሩ ቅባት በታጠበ ፊት ላይ ይወርዳል። ሻሽና የትራስ ልብስ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይታጠብ። የፀጉር ቅባቱም እንዲሁ በልክ ይሁን።

በቀን አራቴ መታጠቡ ራሱ እየጎዳሽ ነው። ብጉር ከቆሻሻ አይመጣም፤ ሳሙና የበዛበት ቆዳ ደግሞ ይደርቃል፣ ይቆጣል፣ መድኃኒትም መቋቋም ያቅተዋል። ጠዋትና ማታ፣ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ የፊት ማጠቢያ፣ በጣት ጫፍ ብቻ ይበቃል። ሎሚውን እርሺው፤ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ተቃጥሎ ወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

ከፋርማሲ የተደፈነ ቀዳዳ የሚከፍተውን አዳፓሊን 0.1 በመቶ ጄል ጠይቂ። ማታ ታጥበሽ ፊትሽ በደንብ ሲደርቅ የአንድ አተር ፍሬ ያህል አውጥተሽ ግንባርሽን ሁሉ በስሱ ቀቢ። ብዙዎች ብጉሩን ብቻ እየፈለጉ ይነካሉ፤ ነገ የሚወጣው ግን ገና ሳይታይ ከሥር የተደፈነው ነው። ለሁለት ሳምንት አንድ ቀን እያለፍሽ፣ ከዚያ በየማታው። የሚላጥ ከሆነ ቅባት የሌለው ማለስለሻ ከላዩ ጨምሪበት። መግል ለያዘው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5 በመቶ ጠዋት ይጨመራል፤ ይህ ጨርቅ ስለሚያነጣ ነጭ ፎጣ ተጠቀሚ፣ ባለ ቀለም ሻሽሽንም ጠብቂ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብሶ ሊታይ ይችላል። አብዛኛው ሰው መድኃኒቱን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ ውጤቱ ግን የሚለካው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።

ብጉሩ ሲጠፋ የሚቀረው ጥቁር ነጥብ ጠባሳ አይደለም፤ በወራት ይለቃል፣ ፀሐይ ግን ያጠቁረዋል። ስለዚህ ጠዋት የመከላከል አቅሙ (SPF) ከ30 የማያንስ የፀሐይ መከላከያ ያስፈልጋል። ነጥቡን ለማጥፋት ብለሽ በየሱቁ «ፊት ያጠራል» የሚባለውን ክሬም እንዳትነኪ። ብዙዎቹ ውስጥ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ መድኃኒት ይገኛል። በሳምንቱ ፊት ያምራል፤ ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሮች ይታያሉ፣ አንድ ዓይነት መጠን ያለው ቀይ ብጉር ፊትን ይወርሳል። ሲያቆሙት ስለሚብስ ሰው ተመልሶ ይቀባዋል። ለወራት የተቀባች ጓደኛ ካለሽ ማቆሚያውን የቆዳ ሐኪም ይምራት።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ብጉሩን ያፈርጣል፣ ላዩ ላይ ኮልጌት ይቀባል። ልከልክለው? (ከደሴ)

መልስ፦ አዎ፣ ሁለቱንም ይከልክሉት። የጥርስ ሳሙናው ብጉሩን ያደረቀ ይመስላል እንጂ ዙሪያውን ያቃጥላል። ሲፈርጥ ደግሞ መግሉ ግማሹ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የማይጠፋው ጎድጓዳ ጠባሳ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይመጣል። ከሥር የሚያም ትልልቅ እብጠት ካለው በቤት አይሞክሩ፤ ጠባሳ ሳይጥል ለቆዳ ሐኪም ያሳዩት።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ብጉር በዛብኝ፤ ጓደኛዬ ከእሷ የተረፈ እንክብል ልስጥሽ አለችኝ። (ከአዳማ)

መልስ፦ አይውሰዱ። ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን በፅንስ ላይ ከባድ የአካል ጉድለት ያስከትላል፤ ሌላው የብጉር እንክብል ዶክሲሳይክሊንም ለእርግዝና አይሆንም። ከላይ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ የነገርናትን አዳፓሊንም እስኪወልዱ ያቆዩት። በእርግዝና ጊዜ ከሚፈቀዱት አንዱ አዜላይክ አሲድ ክሬም ነው፤ የክትትል ካርድዎን ይዘው ሐኪምዎን ይጠይቁ።