የመንገዱ ባለቤት ማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ከዓባይ ማዶ እስከ ጊዮርጊስ በሳይክል እመላለሳለሁ። ሰሞኑን አንድ ባለ መኪና ክላክሱን አምባርቆብኝ፣ «ሳትከፍል መንገድ አትዝጋ!» አለኝ። ምን ልመልስለት?

መልስ፦ መምህር፣ ይቺ ንግግር እኔንም ደጋግማ አንገብግባኛለች። ሰውዬው በአንድ ነገር እውነት አለው። ነዳጅ ሲቀዳ ለመንገድ ጥገና የሚቆረጥ ገንዘብ አለ፤ የመንገድ ፈንድ ከተቋቋመ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ማለት ነው። አዲስ መንገድ ግን በአብዛኛው የሚሠራው በመንግሥት በጀት ነው። እርስዎስ ከደመወዝዎ የሥራ ግብር ይቆረጥ የለም? የሳይክልዎ ጎማና ካላማዳሪ ከውጭ ሲገባ የተከፈለው ቀረጥስ ዋጋው ላይ ተደምሮ ከእርስዎ ኪስ አይደል የወጣው?

ጉዳቱንም እንይ። መሐንዲሶች እንደሚሉት፣ አንድ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዘው ዘንግ) የተሸከመው ክብደት እጥፍ ሲሆን አስፋልቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። አስፋልቱን የሚያርሰው ከባድ መኪና ነው። ሳይክል ከቁጥር አይገባም።

አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ለሳይክልም መስመር አለው። ከዚያ ወርደን ከተማ ስንገባ ነው መከራው። ባለፈው ክረምት አንድ ባጃጅ ሰው ሊጭን ድንገት ፊቴ ቆመ። መሪዬ ጎኑን ጫረው፣ ሰንሰለቴ ወለቀ። ስድብ ስጠብቅ ልጁ ወርዶ፣ እጁ በግራሶ እስኪጠቁር ታግሎ ሰንሰለቱን መለሰልኝ። «አላየሁህም ጋሼ፣ ይቅርታ» አለኝ።

እኛም ጥፋት አለብን። ሁለትና ሦስት ሆነን ጎን ለጎን እየነዳን ወሬ እንይዛለን። ማታ ያለ መብራት እንወጣለን። እባክዎ መብራት ይግጠሙ። ለሰውዬው ደግሞ የደመወዝ ደረሰኝዎን ያሳዩት።